ወፍጮው የቆመ ዕለት

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ቢቸና ሄጄ ከመናኸሪያው ወደ ድንኳኑ በእግሬ ሳዘግም በአንድ ወፍጮ ቤት በር አለፍኩ። ገና ትኩስ የሆነ የጤፍ ዱቄት ሽታ ፊቴን ዳሰሰኝ። እንዲህ ያለ ሽታ ሌላም አገር ሞልቷል፤ ይሄኛው ግን እግሬን ያዘው። ሊቀበለኝ የመጣው የሠርጉ ቤት ልጅ “ምነው፣ እግርሽን አመመሽ?” አለኝ። “አይ፣ አፍንጫዬን ነው” አልኩት፤ የሞጣ ሰው ቀልድ አያውቅም ይሉናልና ልጁ ምን እንደሚል ግራ ገባው።

እኔ ግን በዚያች ቅጽበት ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ክረምት ነበር፤ ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጬ የአያቴ ቃላት ሲጠፉ አያለሁ።

ያን ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እናቴ ነፍሰ ጡር ሆና ስለከበዳት አባቴ ከሞጣ ቢቸና ላከኝ፣ ወደ ታናሽ እህቱ ወደ አክስቴ ሙሉ። አክስቴ የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ናት፤ አላገባችም፤ የምትኖረው ከእናቷ፣ ከአያቴ ከእማማ አንጓች ጋር ነበር። ቤታቸው ከጋሽ ይታይህ ወፍጮ ቤት ጋር በአንድ ግድግዳ ይገናኛል። ወፍጮው ሲነሳ መደርደሪያው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርሳቸው ያወራሉ፤ የጓሮው ጎመን ቅጠል ነጭ አቧራ ይለብሳል፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ መጥቶ ያጥበዋል። እኔም ጧት ነጭ፣ ማታ አረንጓዴ የሚሆን ጎመን ቢቸና ብቻ የሚበቅል ይመስለኝ ነበር።

የዚያ ቤት በር ደግሞ አይዘጋም። ቀንም ሌሊትም ገርበብ ብሎ ያድራል፤ አክስቴ እንዳይከፈት በገመድ ታስረዋለች እንጂ ጨርሶ አትገጥመውም። ብርዱ እስከ አጥንቴ ይገባል። ለድመቷ መግቢያ ነው ብዬ ራሴን አሳምኜ ስለነበር ድመቷን አልወዳትም ነበር። የአክስቴን ጋቢ ተከናንቤ እያየኋት እረግማታለሁ።

ከጎመኑና ከበሩ ቀጥሎ ሦስተኛው ጉድ ኮምፒውተሩ ነው። በአክስቴ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምር የነበረ አንድ ፈረንጅ ወደ አገሩ ሲመለስ ትቶላት የሄደ ነው፤ ያኔውኑ አሮጌ ነበር። ነገሩ ሁሉ ያለው ቁልፎቹ ያሉበት ወፍራም ሰሌዳ ውስጥ ነው፤ በሽቦ ከቴሌቪዥን ጋር ይያያዛል። ከጎኑ የጫማ ካርቶን የምታህል ሣጥን አለች፤ ሃርድ ዲስክ ናት። ከሰሌዳው ጋር የሚያገናኛት እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነ ሽቦ ነው። የተጻፈው ሁሉ የሚቀመጠው እሷ ውስጥ ነው አለችኝ አክስቴ። ስትጽፍ ቀይ መብራቷ ብልጭ ብልጭ ይላል፤ ውስጧ እንደሚቆላ ሽምብራ ይንጣጣል።

አያቴ በዘመናቸው የታወቁ አልቃሽ ነበሩ። እስከ ደብረ ወርቅ ድረስ በቅሎ እየተላከላቸው ለስንቱ ሙሾ አወረዱ። ኋላ ተራው የራሳቸው ሆነ። ወታደር ሆኖ የሄደው አጎቴ ጌታነህ ሳይመለስ መርዶው በወረቀት መጣ። ሬሳ የለ፤ መቃብር የለ። ያን ዕለት አያቴ ያወረዱትን ሙሾ የሰማ ሁሉ “የጌታነህ መቃብሩ እሱ ነው” አለ። ከዚያ ወዲያ ለማንም አላለቀሱም። ያንኑ አንዱን ሙሾ ግን እንዳይጠፋባቸው በየጊዜው በከንፈራቸው ያነበንቡት ነበር። እኔ ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

በዚያ ክረምት አያቴ መርሳት ጀምረው ነበር። አክስቴን በሞተች እህታቸው ስም ይጠሯታል፤ ወጡን ሁለት ጊዜ ጨው ይጨምሩበታል። አክስቴ ፈራች። ሙሾውን ልጻፈው ብትላቸው ተቆጡ።

“ልጄን የወሰደብኝ ወረቀት ነው። ደግሞ እሱን ልስጠው?”

በቴፕ ልቅዳው ስትላቸውም ባሰባቸው። ሬሳ በሌለበት ቤት የሙሾ ድምፅ ከተሰማ ሞት ይጠራል። ይህ በእሳቸው ዘንድ ክርክር የለውም። አንድ ቀን ግን አክስቴ የተማሪ ውጤት ስትሠራ ከኋላዋ ቆመው ቴሌቪዥኑ ላይ የሚያበሩትን ፊደሎች ሲያዩ ቆዩ።

“ይሄ ወረቀት አይደለም?” አሉ።

“አይደለም፣ እማዬ።”

“ድምፅስ አለው?”

“የለውም።”

“እንግዲያ ይያዝልኝ። እሱ ከያዘልኝ እኔ አርፋለሁ። ሸክም አናት ላይ ሆኖ እንቅልፍ የለም።”

ኮምፒውተሩ የአማርኛ ፊደል አልነበረውም። አክስቴ አማርኛውን በእንግሊዝኛ ፊደል ትጽፈዋለች። አያቴ መደብ ላይ ተቀምጠው፣ የነጠላቸውን ጫፍ በጣታቸው እየጠቀለሉ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስንዴ እንደሚለቅም ሰው አንድ አንድ ቃል ይሰጧታል። ከሰዓት በፊት ነው፤ ከግድግዳው ወዲያ ወፍጮው ያጉረመርማል። ቴሌቪዥኑ ከግራና ከቀኝ እየጠበበ፣ ምስሉ ወደ መሐል እየሸሸ ይሄዳል። አምፖሉም ይቀላል። ቴሌቪዥኑ ሙሾውን ሰምቶ ሆድ ብሶት ነው ብዬ አዘንኩለት።

አክስቴ ጨርሳ እንዲያስቀምጠው አዘዘችው። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ አለች፤ ጠፋች።

“ያዘው?” አሉ አያቴ።

“ያዘው።”

አያቴ ረዥም ትንፋሽ ተነፈሱ። ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ተኙ፤ ቀን ሲተኙ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየኋቸው ያኔ ነው።

በማግስቱ አክስቴ ስትከፍተው የላይኛዎቹ ጥቂት ስንኞች አሉ። ከዚያ በታች ያለው ሁሉ የማይነበብ ምልክት ነው፤ የጥያቄ ምልክት፣ ባዶ ሣጥን፣ ጅራት ያለው ነጥብ። አክስቴ ወደ አያቴ ሄዳ አጠገባቸው ተንበረከከች።

“እማዬ፣ እስቲ ከመሐሉ ጀምረሽ ድገሚልኝ።”

አያቴ ጀመሩ። ጥቂት ሄደው ቆሙ። መልሰው ጀመሩ፤ እዚያችው ላይ ቆሙ። ከዚያ በጣም ተገርመው አዩዋት።

“ሰጥቼሽ የለም እንዴ? የሰጠሁትን ከየት ላምጣው?”

ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ቃላቱ ከአያቴ ወጥተው በአክስቴ ጣቶች ያልፋሉ፤ በጥብጣቡ ወደ ሣጥኗ ይገባሉ። ሣጥኗ ደግሞ ታችኛው በኩል ቀዳዳ አላት። በቀዳዳዋ ሾልከው፣ ግድግዳውን ዘልቀው፣ የጋሽ ይታይህ ወፍጮ ውስጥ ይወድቃሉ። ወፍጮው ይፈጫቸዋል። ጎመኑ ላይ የሚያርፈው ነጭ አቧራ እሱ ነው። ዓይኔን ስጨፍን አጎቴ ጌታነህ፣ በፎቶ ብቻ የማውቀው፣ በዱቄቱ ደመና ውስጥ እየተራመደ ጓሮ ለጓሮ ሲሄድ ይታየኝ ነበር። ጫማ የለውም፤ ግን እግሩ አይረጥብም። አንድ ጧት ማንም ሳያየኝ ከጎመን ቅጠል ላይ በጣቴ ጠርጌ ቀመስኩት። የጤፍ ጣዕም ነበረው። ሙሾ ጣዕሙ እንዲህ ነው ማለት ነው ብዬ ተቀበልኩ።

አክስቴ ተስፋ የምትቆርጥ ሰው አይደለችም። ቴሌ ሄዳ ሞጣ ላለው ለጋሽ ከማል ደወለች። ጋሽ ከማል የአባቴ ጓደኛ ነው፤ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ነጋዴ ከሆነ የሞጣ ቤተሰብ ንግዱን ትቶ ሬዲዮ ጠጋኝ የሆነ ብቸኛው ሰው። የማያውቀውን ነገር “አላውቅም” ማለት ነውር ይመስለዋል። የሽቦውን ጫፎች በአልኮል ጥረጊ አላት። አልኮል ከየት ይምጣ? አክስቴ ከጎረቤት ዳግም አረቄ አምጥታ በጥጥ እያሸች ጠረገችው። ቤቱ አረቄ ቤት አረቄ ቤት ሸተተ። አያቴ ከውጭ ገብተው አፍንጫቸውን ነፉ።

“ይሄ ዕቃ ይጠጣል እንዴ?”

“ለማጽዳት ነው፣ እማዬ።”

“ታዲያ የነገሩትን ቢረሳ ምን ይገርማል!” አሉና ሄዱ።

አረቄውም አላዳነውም። ሣጥኗን ከወለል አንስታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት፤ ጥብጣቡን ገልብጣ ሰካችው፤ ትንሽ ትንሽ እየጻፈች ቶሎ ቶሎ አስቀመጠች። አንዳንዴ አምስት ስንኝ ይቀመጣል፤ በማግስቱ ሁለቱ ይገኛል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጠፋው ስንኝ ከአያቴም አፍ መጥፋቱ ነው። አንዴ “ያዘው” ከተባሉ በኋላ ያን ቁራሽ አይፈልጉትም፤ አስረክበዋላ። አክስቴ “ያዘው” ማለት አስፈራት። አያቴ ሲጠይቋት ጥፍሯን ትበላለች።

በመጨረሻ ዕቃውን በጋቢ ጠቅልላ፣ እኔን አስከትላ፣ ሞጣ ወሰደችው። አውቶቡሱ ጭቃው ላይ እየዋኘ ደብረ ወርቅን፣ ጉንደ ወይንን ሲያልፍ ሣጥኗን ጭኗ ላይ አቅፋ ነበር። አጠገባችን የተቀመጠች ሴት ጋቢውን አየት አድርጋ “ስንት ወሩ ነው?” አለቻት። አክስቴ “እርጅና ይዞት ነው” ብትላት ሴትዮዋ አማተበች።

ሌሊቱን ቤታችን አደርን፤ እናቴ ገና አልወለደችም ነበር። ጋሽ ከማል ዕቃውን ሱቁ ውስጥ ፈታው፤ ነፋበት፤ ገጠመው። ቀኑን ሙሉ ጻፈበት፤ አጠፋው፤ እንደገና ጻፈበት። አንድ ፊደል አልጎደለም።

“ሙሉዬ፣ ይሄ ዕቃ ከኔ የበለጠ ጤነኛ ነው” አለ። “እጅሽ ነው እንጂ።”

እጇ ነው መባሉ አናዷት እስከ ቢቸና ድረስ አላወራችም። ቤት ደርሳ ሰካችው፤ ጻፈች፤ ጠፋ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ። ጎረቤት “የቢቸና አየር አልተስማማውም” አለ። አክስቴ ያን ዕለት ጓዳ ገብታ አለቀሰች፤ ወንድሟ ሁለት ጊዜ እየሞተባት እንደሆነ ያኔ ተረዳሁ። ከሙሾው የቀረው ከግማሽ ያነሰ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። በዚያ ቤት በበዓል ቀን አይጻፍም። ጽሕፈትም ሥራ ነው፤ ሙሾ ደግሞ በታቦት ቀን ነውር ነው። ማታ ማታ ከተማው ሁሉ አምፖል ሲያበራ መብራቱ አቅም አይኖረውም፤ አያቴም ከዶሮ ጋር ይተኛሉ። ስለዚህ ሙሾው የሚጻፈው በሥራ ቀን፣ በቀን ብርሃን ብቻ ነበር። ይህን ማንም አውጥቶ አልተናገረውም፤ እንዲሁ የሚታወቅ ነገር ነው።

እኔ ግን በበዓል ቀን ቤት እቀራለሁ። ያ ክረምት ሲያስለኝ ነው ያለፈው፤ አያቴና አክስቴ በጧት ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሶ ተበጥብጦልኝ ጋቢ ውስጥ እተዋለሁ። የበዓል ጧት ጸጥታ ልዩ ነበር። ብርጭቆዎቹ አያወሩም። የጣሪያው ጠብታ ጓሮ ያለው ባልዲ ውስጥ ሲወድቅ ይሰማል። ቴሌቪዥኑ ሲበራ እስከ ዳር እስከ ዳሩ ሞልቶ ይፈካል፤ ደስ ብሎታል፤ አያቴ የሉማ። እኔም ከአክስቴ እንዳየሁት እያደረግሁ ስሜን እጽፋለሁ። ብርቄ፣ ብርቄ፣ ሞጣ፣ ብርቄ። የዶሮዋን ስም። ወንድ ቢወለድ የማወጣለትን ስም፣ ሴት ብትወለድ የማወጣላትን። ከዚያ አስቀምጠዋለሁ። በሚቀጥለው በዓል ስከፍተው ሁሉም አለ። ቅንጣት አልጎደለም።

አልገረመኝም። ከሙሾና ከብርቄ ማን ይመረጣል?

የእመቤታችን በዓል ባለፈ ማግስት አክስቴ ገና በጧት ኮምፒውተሩን ከፈተች። እኔ መደቡ ላይ በሶዬን እልሳለሁ። ድንገት ጣቷ ቆመ።

“ብርቄ።”

“አቤት፣ እታለም።”

“ማን ነው ይሄን የጻፈው?”

በሶዬን አስቀምጬ ጋቢው ውስጥ ገባሁ።

“አልቆጣሽም። መቼ ጻፍሽው?”

“ይሄን በሥላሴ። ይሄን በገብርኤል። ያንን ትናንት፣ በማርያም። የሚይዘው እኮ በበዓል ብቻ ነው። ማርያም ትይዝለታለች።”

አክስቴ ስሜ ላይ አፍጥጣ ቀረች። ያን ጊዜ ከግድግዳው ወዲያ ጋሽ ይታይህ ወፍጮውን አስነሳ። ብርጭቆዎቹ ማውራት ጀመሩ፤ አምፖሉ ቀላ፤ ብርቄ ብርቄ የሚለው ጽሑፍ ከግራና ከቀኝ ተጨምቆ ወደ መሐል ሸሸ። ይህንን ክረምቱን ሙሉ ሁላችንም ስናየው ነበር። የለመዱት ነገር አይታይም። አክስቴ አምፖሉን አየች፤ ግድግዳውን አየች፤ ተነሥታ በነጠላ ጫማ፣ ያለ ጃንጥላ፣ ዝናቡ ውስጥ ወጣች። ለማርያም ምስጋና ልታደርስ የሄደች መሰለኝ።

ተመልሳ ስትመጣ ትከሻዋ ላይ ዱቄት ነበር። እየሳቀችም እያለቀሰችም ነበር። ወፍጮው መብራቱን ጠጥቶ ለሣጥኗ የሚተርፋት አቅም የለም፤ ያለውን ማንበብ አያቅታትም፤ አዲሱን መጻፍ ነው የምትሳነው። ሞጣ ጋሽ ከማል ሱቅ አጠገብ ወፍጮ የለም። በበዓል ወፍጮ ይዘጋል።

“እማዬ፣ በሚቀጥለው የእመቤታችን ቀን ትነግሪኛለሽ” አለች።

አያቴ ቀና አሉ። “በታቦት ቀን ሙሾ? ወላዲቷ ራሷ ልጇን ያለቀሰች ናት። በቀኗ ቁስሏን አልነካባትም።” በዚህ ላይ ድርድር አልነበረም። የቀረችውን ትንሽዬ ቁራሽ ደግሞ ነገ ማግኘታችንን ማን ያውቃል?

አክስቴ እጄን ይዛ ወፍጮ ቤት ሄደች። የገበያ ዋዜማ ነበር፤ ሴቶች ማዳበሪያቸው ላይ ተቀምጠው ተራ ይጠብቃሉ። ጋሽ ይታይህ ቅንድቡ ድረስ ነጭ ነው። በጆሮው ጮኸችበት።

“ወፍጮ ለጽሕፈት ይቆማል እንዴ?” አለ። “ይሄ ሁሉ ሰው እያለ?”

“ለጽሕፈት አይደለም። እናቴ የጌታነህን ልታወርድ ነው። ያለቀባት እንደሆነ ሌላ የለንም።”

ጋሽ ይታይህ የጌታነህ አብሮ አደግ እንደነበረ ያኔ አላውቅም ነበር። ሄዶ ማብሪያውን ዝቅ አደረገው።

ወፍጮው ቀስ እያለ፣ እያቃሰተ፣ ቆመ። በሥራ ቀን የበዓል ጸጥታ ወረደ። ከሩቅ የአህያ ድምፅ ሰማሁ። ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ አንዷ ነጠላዋን አዘቀዘቀች፤ ሌላዋም ተከተለቻት። ማንም ኑ ሳይላቸው ወደ ቤታችን ገቡ፤ ሽበት ባይኖራቸውም ፀጉራቸው በዱቄት የሸበተ፣ ዝም ያሉ ሴቶች።

አያቴ ሲያዩዋቸው ከመደቡ ተነሡ። እስከዚያ ቀን ለዕቃ ነበር ሲነግሩ የከረሙት፤ ሙሾ ደግሞ ተቀባይ ይፈልጋል፤ ለቀስተኛ በሞላበት ቤትም ድምፁ ሞት አይጠራም። ወገባቸው ቀና አለ። የማላውቀው ድምፅ ከውስጣቸው ወጣ።

“አፈር ሳላለብስህ ሞተ አልልም እኔ፣
ደጄም አልተዘጋ፣ አልተኛችም ዓይኔ።”

ሴቶቹ “ወዬ” እያሉ ተቀበሉ። በሩን አየሁት። ገርበብ ብሎ፣ ገመዱ ተንጠልጥሎ። ድመቷን በከንቱ ስረግማት ነበር የከረምኩት።

“ያረስከው በቀለ፣ የዘራኸው ሸተ፣
ባለቤቱ ብቻ መንገድ ሰነበተ።”

ሌላም አሉ። ጠፍተዋል ያልናቸው አንዳንዶቹ ከተቀባዮቹ ድምፅ ጋር ተመልሰው መጡ፤ ሁሉም ግን አልመጡም። አክስቴ ዕንባዋን ሳትጠርግ ትጽፋለች፤ ቴሌቪዥኑ እስከ ዳሩ ሞልቶ አልተነቃነቀም። ሲያበቃ እንዲያስቀምጠው አዘዘችው። ቀይዋ መብራት ብልጭ ብልጭ ስትል ያ ሁሉ ሴት ትንፋሹን ዋጠ። ጠፋች። አክስቴ አጥፍታ አበራችው፤ ከፈተችው፤ ከላይ እስከ ታች በዓይኗ ወረደች።

“ያዘው?” አሉ አያቴ።

“ያዘው፣ እማዬ። አሁን እውነቴን ነው።”

አያቴ “ተመስገን” ብለው ተቀመጡ። ሴቶቹ ወደ እህላቸው ተመለሱ፤ ወፍጮው ተነሣ፤ ብርጭቆዎቹ ማውራት ጀመሩ።

ከዚያ ቀን በኋላ አያቴ ማነብነባቸውን ተዉ። ይስቃሉ፤ ይበላሉ፤ ይተኛሉ። ጳጉሜን ላይ አባቴ እናቴ ሴት ልጅ መገላገሏን ነግሮ ሊወስደኝ በመጣበት ዋዜማ፣ አክስቴ ሙሾውን ከፍታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ለራሷ ታነበው ነበር። አያቴ መደቡ ላይ ሆነው ያዳምጣሉ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁ። መጨረሻ ላይ ዕንባቸውን በጫፉ ጠረጉ።

“የማን ልጅ ነው እንዲህ የተለቀሰለት?” አሉ።

አክስቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ወደ እሷ አየሁ።

“የአንዲት የቢቸና ሴት ልጅ ነው” አለች ቀስ ብላ።

“ምስኪን። እግዜር ያጽናት።”

“አጽንቷታል፣ እማዬ።”

አያቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ብርድ እንደተሰማው ሰው ትከሻቸውን ሰብሰብ አድርገው ወደ እኔ ዞሩ።

“ብርቄ፣ ነፋስ ይገባል” አሉኝ። “በሩን ዝጊው።”